ሬዲዮው የሚያስታውሰው፦ የአማተር ሬዲዮ ሜሞሪን በኮምፒውተር ስለ መሙላት

የዛሬው ርዕስ በኪስ በምትያዝ አንዲት ሬዲዮ ውስጥ ስለሚቀመጡ ጥቂት ቁጥሮች ነው። ርዕሱ ጠባብ ነው፤ የጠበበውም ሆን ተብሎ ነው። ስለ ሬዲዮ በጠቅላላው እናገራለሁ የሚል ሰው ከማርኮኒ ተነሥቶ ሳተላይት ላይ ሳይደርስ ይነጋበታል።

የንግግሩ ዓላማ የአማተር ሬዲዮ መገናኛ ሜሞሪ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሞላ ማስረዳት፣ ከዚያም ይህ ሥራ ሬዲዮውን የያዘውን ሰው ምን ኃላፊነት ውስጥ እንደሚያስገባው ማሳየት ነው። አካሄዱ በሦስት ይከፈላል። በቅድሚያ ሜሞሪ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣና በውስጡ ምን እንደሚጻፍ ይታያል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ወደዚያ የሚገባበት መንገድ ይነገራል። በመጨረሻም አንድ ዝርዝር ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ፣ ከአገርም ወደ አገር ሲሄድ የሚሆነው ይነሣል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አማተር ሬዲዮን ለማያውቅ አድማጭ ጥቂት መግቢያ ያስፈልጋል። አማተር የሚባለው ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ ገንዘብ ሳያገኝበት፣ ለመማር፣ ለመሞከርና ከሌሎች ጋር ለመነጋገር በሬዲዮ የሚያሰራጭ ሰው ነው። በአሜሪካ ቴክኒሽያን የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ 35 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። የሞርስ ኮድ ፈተና እዚያ ከ2007 ወዲህ አይጠየቅም። በአገራችንም በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቅ የክለብ ጣቢያ አለው። ኢቲ የሚለው መነሻ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጠ ስለሆነ፣ ጃፓን ያለ አማተር ያንን ምልክት ሲሰማ ጥሪው ከየት አገር እንደመጣ ሳይጠይቅ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አማተሮች 2 ሜትር በሚሉት ባንድ ላይ የሚሠሩ በርካታ የኤፍኤም ሬዲዮዎች ሜሞሪ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ቻናል ሁለት የኳርትዝ ክሪስታሎችን ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ለመቀበያ፣ አንዱ ለማሰራጫ። ክሪስታሉ በልኩ ተፍቆ በሚፈለገው ፍጥነት እንዲንቀጠቀጥ የተሠራ ድንጋይ ነው። ለምሳሌ በ12.210 ሜጋኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል በሬዲዮው ውስጥ 12 ጊዜ ሲባዛ 146.520 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። አዲስ ቻናል የፈለገ ሰው ክሪስታሉን ማዘዝ፣ ዋጋውን መክፈል፣ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከዚያም ሬዲዮውን ከፍቶ መትከል ነበረበት። በዚህ ምክንያት ሰዎች ቻናል የሚመርጡት በብዙ ማሰብ ነበር። ስድስት ቻናል ያለው ሬዲዮ ባለቤት ስድስቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል፤ የከፈለባቸው ናቸውና።

በዚያው አሥርት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የጃፓኑ አይኮም ኩባንያ አይሲ-22ኤስ የተባለውን የመኪና ሬዲዮ አወጣ። ይህ ሬዲዮ ለዛሬው ርዕስ ትልቅ ምስክር ነው። ፍሪኩዌንሲውን በራሱ ሰርኪዩቶች ስለሚያመነጭ ለየቻናሉ ክሪስታል መግዛት ቀረ፤ ነገር ግን ቻናሎቹን ባለቤቱ ራሱ መጻፍ ነበረበት፤ የሚጽፍበትም ብዕር የብየዳ መሣሪያ ነው። በሬዲዮው ውስጥ ለ22 ቻናሎች የተዘጋጀ የቀዳዳዎች ሰንጠረዥ አለ። ባለቤቱ ከመመሪያው ላይ ለሚፈልገው ፍሪኩዌንሲ የተሰጠውን የአንድና የዜሮ ቁጥር ያነባል፤ አንድ በሚልበት ቦታ ዳዮድ ይበይዳል፣ ዜሮ በሚልበት ባዶውን ይተወዋል። ሃሳቡን የለወጠ ሰው ዳዮዱን መንቀል ነበረበት። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ያው ነው፦ አንድና ዜሮ በቦታቸው ማስቀመጥ። የተለወጠው መጻፊያው ነው። ዳዮዱ ወደ ሜሞሪ ቺፕ ገባ፣ ብየዳውም በኬብል ተተካ።

ከ2012 ጀምሮ በዓለም ገበያ የተሰራጨውና ለአያሌ ጀማሪዎች የመጀመሪያ የሆነው የቻይናው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር 128 ቻናሎችን ይይዛል። ለረጅም ጊዜ ከ30 ዶላር ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ ቆይቷል። ከእርሱ የተሻሉ ብዙ ሬዲዮዎች አሉ፤ ሆኖም በየትኛውም አገር የአማተሮች ስብሰባ ላይ በእጅ ተይዞ የሚታይ ስለሆነ፣ ምሳሌዎቹ ከእርሱ ቢወሰዱ ይሻላል።

አሁን በአንድ ቻናል ውስጥ ምን እንደሚጻፍ እንመልከት። ብዙ ሰው ቻናል ማለት ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይመስለዋል። ሁለት ሰዎች በቀጥታ ሲነጋገሩ እውነትም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ነገሩ የሚወሳሰበው ሪፒተር ሲመጣ ነው። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ኃይሉ አራትና አምስት ዋት ነው፤ ኮረብታ ከመጣበት ድምፁ ይቆማል። ሪፒተር ከፍ ባለ ቦታ ተተክሎ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ በበለጠ ኃይል የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። በገጠር ጋራ ላይ ወጥቶ የወዲህኛውን መንደር መልእክት ለወዲያኛው በጩኸት የሚያደርስ ሰው የሚሠራውን ይሠራል ማለት ነው።

በአሜሪካ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ አንድ የሪፒተር ጥንድ አለ፤ ሪፒተሩ በ146.940 ይናገራል፣ በ146.340 ይሰማል። ልዩነቱ 600 ኪሎኸርዝ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው በ146.940 እያዳመጠ፣ ባለቤቱ የማሰራጫውን ቁልፍ ሲጫን ወዲያው 600 ኪሎኸርዝ ወርዶ መናገር አለበት። ያ አቅጣጫና ያ ልዩነት በቻናሉ ውስጥ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ልዩነቱ ደግሞ እንደ ባንዱና እንደ አገሩ ይለያያል። 70 ሴንቲሜትር በሚባለው ባንድ የአሜሪካ ሪፒተሮች ልዩነት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን የጀርመኖቹ 7.6 ሜጋኸርዝ ነው።

ከዚያ ቶን ይመጣል። ሪፒተሩ ባገኘው ጩኸት ሁሉ እንዳይነሣ፣ ጠሪው ከድምፁ ሥር ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ዜማ እንዲልክ ይጠየቃል። አማተሮች ሲቲሲኤስኤስ ይሉታል። የቶኖቹ ዝርዝር በተለምዶ ከ67.0 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 254.1 ኸርዝ ይደርሳል። የንግግር ሬዲዮ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ወደ ድምፅ ማጉያው ስለማያሳልፍ፣ ሰው ጆሮ ላይ ቶኑ አይደርስም። ሪፒተሩ ግን ያዳምጠዋል፤ 100.0 የሚጠብቅ ሪፒተር 88.5 ቢላክለት ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ጀማሪዎች አብዝተው የሚሰናከሉት በዚህ ቦታ ነውና። ቶን ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው ሲያሰራጩ መላክ ነው። ሁለተኛው ሲያዳምጡ መጠየቅ ነው፤ ይህኛው ሲበራ ሬዲዮው ያ ቶን ከሌለው ጥሪ ምንም ድምፅ አያሰማም። ብዙ ሪፒተሮች ቶን ይጠይቃሉ እንጂ ራሳቸው ቶን አይልኩም። አንድ ሰው ሁለቱንም ካበራ፣ ሪፒተሩን ያስነሣል፣ ሰዎች ይሰሙታል፣ ይመልሱለታል፤ እርሱ ግን ምንም አይሰማም። ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይነሣል። በስሕተት የተመረጠች አንዲት ቃል ሙሉ ሬዲዮን ደንቆሮ ታደርጋለች። የዚህ ተቃራኒም አለ፦ የድምፁን ስፋት ጠባብ የሚለውን የመረጠ ሰው ሪፒተሩ ላይ የሩቅ ሹክሹክታ ይመስላል፤ አድማጮቹም ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ እያሉ ያስቸግሩታል።

እነዚህን ሁሉ በሬዲዮው ቁልፎች ማስገባት ይቻላል። በዩቪ-5አር ላይ ቶኑ በሜኑ 13፣ አቅጣጫው በሜኑ 25፣ ልዩነቱ በሜኑ 26 ይገባል፤ ከዚያ በሜኑ 27 ቻናሉ ይቀመጣል። ሪፒተር ከሆነ ማስቀመጡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ የመቀበያው፣ አንዴ የማሰራጫው። ለአንድ ቻናል ትዕግሥቱ ይገኛል። ለ40 ቻናል ግን ጣትም ይደክማል፣ ልብም ይሳሳታል። ከሁሉ የሚገርመው የቻናሉን ስም በዚህ ሬዲዮ ቁልፎች መጻፍ ጨርሶ አለመቻሉ ነው። ስም የሚገባው በኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሰባት የላቲን ፊደላት አይበልጥም። ፊደላችን እዚያ ቦታ የለውም፤ አዲስ አበባ ብሎ መሰየም የፈለገ ሰው በላቲን አሳጥሮ ይጽፋል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያደርሰናል፤ ኮምፒውተሩ እንዴት ይገባል?

ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ሬዲዮ ብቻ የሚሆን ሶፍትዌር ያወጣ ነበር። አንዳንዱ በገንዘብ ይሸጣል፣ አንዳንዱ በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። ሦስት ሬዲዮ ያለው ሰው ሦስት ሶፍትዌር ይማራል ማለት ነው። ዳን ስሚዝ የተባለ፣ ኬኬ7ዲኤስ የሚል የጥሪ ምልክት ያለው አሜሪካዊ አማተር ከ2008 ጀምሮ ቸርፕ የተባለውን ፕሮግራም መሥራት ያዘ። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነው፣ ዋጋ የለውም፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። የአይኮምን፣ የኬንዉድን፣ የያኤሱን፣ የባኦፌንግንና የሌሎችንም በርካታ ሞዴሎች ቻናሎች በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ያሳያል። እያንዳንዱ ቻናል አንድ ረድፍ ነው፤ ፍሪኩዌንሲ፣ ስም፣ አቅጣጫ፣ ልዩነት፣ ቶንና ኃይል ደግሞ ዓምዶች ናቸው። ኤክሴል የነካ ሰው አይቸገርም።

አምራቾቹ የሜሞሪያቸውን ካርታ ሁልጊዜ አይሰጡም። እንዲህ በሆነ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች የሚከተሉት ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነው። የሬዲዮውን ሜሞሪ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ፤ በሬዲዮው ላይ አንዲት ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የአንድ ቻናል ቶን፣ ይለውጣሉ፤ እንደገና ይገለብጡና ሁለቱን ቅጂዎች ባይት በባይት ያነጻጽራሉ። የተለየችው ባይት የቶኑ ቦታ ነች። ይህንኑ ለየቅንብሩ ይደጋግሙታል። በዚህ መንገድ የተገኘ ዕውቀት ከአንድ ኩባንያ ካዝና ወጥቶ የጋራ ሆኗል።

በሬዲዮውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚደረገው ንግግር ራሱም ሊደመጥ የሚገባው ነው። ዩቪ-5አር ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በሰከንድ 9600 ቢት ነው፤ በዛሬው መለኪያ የኤሊ ጉዞ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ሰባት ባይቶችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ይልካል፤ ሬዲዮው ካወቃቸው በአንዲት ባይት እሺ ይላል፣ ካላወቃቸው ዝም። ኋላ በወጡት የዚህ ሬዲዮ ስሪቶች ከሰባቱ የመጨረሻዎቹ አራቱ 20፣ 12፣ 07፣ 25 ናቸው፤ አንድ መሐንዲስ በጁላይ 25 ቀን 2012 የሥራ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀን የጻፈ ይመስላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሜሞሪውን 64 ባይት በ64 ባይት እየጠየቀ ያነባል። ጠቅላላው ስድስት ሺህ ባይት ገደማ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

በዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ቻናል 16 ባይት ይወስዳል። አራቱ የመቀበያው ፍሪኩዌንሲ፣ አራቱ የማሰራጫው፣ ሁለት ሁለቱ የቶኖቹ፣ የቀሩት ኃይልና ስፋትን የመሳሰሉት ናቸው። በአውሮፓና በአፍሪካ ለመጠራሪያ የተለመደው 145.500 ሜጋኸርዝ በሬዲዮው ውስጥ 00 00 55 14 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ 14 55 00 00 ይሆናል። 88.5 የሚለው ቶን 885 ነው። ምሥጢር የለበትም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ በዚህ ሬዲዮ ውስጥ የማሰራጫው ፍሪኩዌንሲ ራሱን ችሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ በአንድ ቻናል ላይ ማሰራጨት ጨርሶ እንዳይቻል ማድረግ ይቻላል፤ በሰንጠረዡ ላይ አቅጣጫ በሚለው ዓምድ ማጥፋት የሚለው ሲመረጥ፣ ፕሮግራሙ አራቱን የማሰራጫ ባይቶች በአንድ ቁጥር ብቻ ሞልቶ ባዶ መሆናቸውን ለሬዲዮው ይነግረዋል። በአሜሪካ የአየር ጠባይ ትንበያ የሚተላለፍባቸውን ከ162.400 እስከ 162.550 ያሉትን ሰባት ፍሪኩዌንሲዎች ለመስማት የሚያስገባ ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት። ልጅ ቁልፉን ቢጫን የሚሰማ ነገር አይኖርም፤ የሚረበሽም አይኖርም።

ሶፍትዌሩ እንዲህ የተቃና ከሆነ ሰዎች ለምን ይማረራሉ? ባብዛኛው በኬብሉ ነው። የፕሮግራም ኬብሉ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ጫፉ ሁለት ቀጫጭን መሰኪያዎች አሉት፤ አንዱ 2.5፣ አንዱ 3.5 ሚሊሜትር። በዩኤስቢው ራስ ውስጥ ዩኤስቢን ወደ ጥንታዊው ተከታታይ ንግግር የሚለውጥ ቺፕ አለ። የርካሽ ኬብሎች ቺፕ ብዙ ጊዜ ተመሳስሎ የተሠራ ነው። የታይዋኑ ፕሮሊፊክ ኩባንያ አዳዲስ የዊንዶውስ ድራይቨሮቹ ሐሰተኛ ቺፕ ሲያገኙ ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ፤ ተጠቃሚው የሚያየው ኮድ 10 የሚል ስሕተት ነው። ሌላው የቺፕ አምራች ኤፍቲዲአይ በ2014 ከዚህም ከረረ። በኦክቶበር ወር በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የገባ ድራይቨሩ የሐሰተኞቹን መታወቂያ ቁጥር ዜሮ አድርጎ ከጥቅም ውጪ አደረጋቸው፤ ጩኸቱ ሲበረታ ድራይቨሩ ተነሣ። ሌባውን ያልቀጣ፣ ሳያውቅ የገዛውን የቀጣ ውሳኔ ነበር። ከገበያ ኬብል የሚመርጥ ሰው ስለ ቺፑ ቢጠይቅ ከብዙ ድካም ይድናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሰኪያው እስከ መጨረሻው መግባቱን ማየት ነው። በዩቪ-5አር ላይ የፕላስቲኩ አካል ስለሚከለክለው ብዙ ጊዜ የገባ መስሎ አይገባም፤ ጠንከር አድርጎ መግፋት ይፈልጋል።

ከኬብሉ ያለፈ ሰው አንድ ልዩነት ማወቅ አለበት፤ የሬዲዮው ሙሉ ቅጂ ሌላ ነው፣ የቻናሎች ዝርዝር ሌላ ነው። ሙሉ ቅጂው ቻናሎቹን ብቻ ሳይሆን የዚያን ሬዲዮ ሌሎች ቅንብሮች ይዞ ይመጣል፤ ከተወሰደበት ሬዲዮና ከውስጡ ፕሮግራም ስሪት ጋር የተሳሰረ ነው። የጓደኛን ሙሉ ቅጂ በራስ ሬዲዮ ላይ መጫን ያልታሰበ ችግር ሊያመጣ ይችላል። የሚጋራው ዝርዝሩ ነው፤ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ ሆኖ ይወጣል፣ ከአንዱ ሬዲዮ ፋይል ተቀድቶ በሌላው ፋይል ውስጥ ረድፍ በረድፍ ይለጠፋል።

ዲኤምአር ስለሚባሉት ዲጂታል ሬዲዮዎች ብዙ አይባልም፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋሉ። በእነርሱ ዘንድ በየቻናሉ ከዜሮ እስከ 15 የሚሰጥ የቀለም ኮድ፣ ከሁለቱ የጊዜ ክፍልፋዮች አንዱ፣ የቡድን ቁጥርና የባለቤቱ ባለ ሰባት አሃዝ መለያ ይጨመራል። እነዚያን ያለ ኮምፒውተር ለመሙላት የሚነሣ ሰው የለም።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ጉዞ ነው። ዳዮድ የሚበይደው ሰው ሥራውን ለጎረቤቱ ማውረስ አይችልም ነበር፤ ጎረቤቱም ራሱ ቁጭ ብሎ መበየድ ነበረበት። ፋይል ግን በስልክ ይላካል። አንድ ሰው በጥንቃቄ ያዘጋጀው ዝርዝር በአንድ ቀን በመቶ ሬዲዮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ስሕተቱም አብሮ ይገባል። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ዝርዝሩ የተጻፈበት አገር ሕግ አብሮት አይሄድም።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። 146.520 ሜጋኸርዝ በአሜሪካ አማተሮች ሁሉ የሚያውቁት የመጠራሪያ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ እዚያ የሚዘጋጅ የጀማሪ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በእርሱ ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልል ከፍሏል። አሜሪካ በክልል 2 ናት፤ የ2 ሜትር ባንዷ ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ፣ መላው አፍሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በክልል 1 ናቸው፤ በዚህ ክልል ለአማተር የተመደበው ከ144 እስከ 146 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ሬዲዮውን ይዞ አዲስ አበባ ወይም ቴል አቪቭ ቢመጣ፣ በዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው በጣም ጨዋው ቻናል በክልል 1 ለሌላ አገልግሎት የተሰጠ ሥፍራ ላይ ይወድቃል። ሬዲዮው አይከለክለውም። ዩቪ-5አር ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለውን ሁሉ ይከፍታል፤ የባሕር መርከቦች የጭንቅ ጥሪ የሚያሰሙበት 156.800 እንኳ ከዚያ ውስጥ ነው።

የአሜሪካው ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኦገስት 2018 ከዚህ ሬዲዮ ስሪቶች አንዱን ለሚያስመጣ ድርጅት ማስጠንቀቂያ የጻፈው፣ ሬዲዮው ከተፈቀደለት ወሰን ውጪ ማሰራጨት ስለሚችል ነበር። በሚቀጥለው ወርም ስለ መሰል ርካሽ ሬዲዮዎች ለሕዝብ ማሳሰቢያ አወጣ። ኮሚሽኑ የተጨነቀው በምክንያት ነው። ክሪስታል በነበረ ጊዜ ሰው ያልገዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ መናገር አይችልም ነበር። አሁን በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ቁጥር ቻናል ይሆናል፤ ስለዚህ ወሰኑን የሚጠብቀው ሬዲዮው መሆኑ ቀርቶ ጻፊው ሆኗል።

በዕድሜ የገፉ አንዳንድ አማተሮች በዚህ ላይ ተመሥርተው ኮምፒውተሩ ሰነፍ ኦፕሬተር አፍርቷል ይላሉ። በከፊል ትክክል ናቸው። 128 ቻናል በአንድ ጊዜ አውርዶ የሞላ ሰው፣ ቻናል 73 ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ አይመልስም። መድኃኒቱ ግን ቁልፍ ወደ መጫን መመለስ ነው ለማለት ይከብዳል። በሰንጠረዥ የተጻፈ ዝርዝር ሊነበብ፣ ሊታረም፣ ለሌላ ዐዋቂ ሊታይ ይችላል፤ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ በቁልፍ የገባ ግን እስኪሳሳት ድረስ የሚያየው የለም። የሚሻለው መንገድ መካከለኛው ነው፦ ጀማሪው አንድ ሪፒተር ብቻ በቁልፍ ያስገባ፣ ትርጉሙን ይወቅ፤ የቀረውን በኮምፒውተር ይሙላ፣ ግን ከሃያ አይበልጥ፣ እያንዳንዱንም ረድፍ ራሱ ያንብብ።

ዝርዝር ሊነበብ መቻሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በአደጋ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የአደጋ አስተዳደር ሥርዓት አይሲኤስ 205 የሚባል ቅጽ አለ፤ በአንድ አደጋ ላይ የሚሰማሩ ሁሉ የትኛውን ቻናል ለምን ሥራ እንደሚጠቀሙ በረድፍ የሚጻፍበት ነው። ፍሪኩዌንሲ፣ ቶን፣ ስም፤ ዓምዶቹ ከቸርፕ ሰንጠረዥ እምብዛም አይለዩም። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መትቶ ኤሌክትሪክና ስልክ በጠፋ ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል እስከ 50 የሚደርሱ አማተር ኦፕሬተሮች እንዲላኩለት ጠይቋል። ከተለያየ ከተማ የሚሰባሰቡ፣ የተለያየ ሬዲዮ የያዙ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ሲሠሩ የአንዱ ቻናል 5 የሌላው ቻናል 5 ካልሆነ፣ በጨለማ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ የሚገመት ነው። አንድ ዝርዝር፣ አንድ አጠራር፣ በሁሉም ሬዲዮ ላይ ያው ስም፤ ይህን በቁልፍ ለሃምሳ ሬዲዮ ማድረስ አይታሰብም፣ በኬብል ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

በአገራችን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከውጭ ሬዲዮ ይዞ ለመምጣት ወይም እዚህ ለማሰራጨት ያሰበ ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ባለሥልጣኑን ቢጠይቅ ይመከራል፤ የውጭ አገር ፈቃድ በራሱ እዚህ ለማሰራጨት ይበቃል ተብሎ አይታለፍም። ለመማር ግን ማሰራጨት ግድ አይደለም። ቸርፕን ያለ ሬዲዮም መክፈት፣ ባዶ ሰንጠረዥ ላይ ረድፍ እየጻፉ መለማመድ ይቻላል፤ የምህንድስና ተማሪ ደግሞ የፓይተኑን ምንጭ ከፍቶ አንድ ቻናል በ16 ባይት እንዴት እንደሚታጠፍ በዓይኑ ማየት ይችላል።

በአዳራሹ ላላችሁ ወጣቶች የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ሬዲዮና ኬብል እጃችሁ የገባ ቀን ከሁሉ በፊት በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር አውርዱ፤ ፋይሉን በሬዲዮው ሞዴልና በቀኑ ሰይማችሁ ሳትነኩት አስቀምጡት። ሌላ ሰው የሰጣችሁን ዝርዝር ስትከፍቱ ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ውጪ ያለውን ረድፍ ሁሉ ወይ ሰርዙት፣ ወይ ማሰራጫውን አጥፉት። ፈቃድ ካለው ሰው ጋር አብራችሁ ተቀምጣችሁ የቀረውን አንድ በአንድ አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሬዲዮው ጫኑት።